ባሕር ዛፉ ከየት መጣ? በታሪካዊ የጦርነት ፊልሞች ስለሚታዩ የተያያዥነትና የታሪክ ስሕተቶች

(የሕዝብ ትምህርታዊ ንግግር፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተገለበጠ)



ንግግሬን የምጀምረው ሁላችሁም በየዕለቱ ከምታዩት ነገር ነው። ከወልቂጤ ወደ የትኛውም አቅጣጫ ብትጓዙ፣ ወደ ቡታጅራም ብትዘልቁ፣ ዓይናችሁ በመጀመሪያ የሚያርፈው በባሕር ዛፍ ላይ ነው። እንግዲህ ከመካከላችሁ አንዱ ስለ ዓድዋ ዘመን ፊልም ሊሠራ ተነሣ እንበል። ካሜራውን ጉብታ ላይ ተክሎ ቁልቁል ሲመለከት የኤሌክትሪክ ምሰሶ ያያል፤ አሽሟጦ ያልፈዋል። አስፋልት ያያል፤ ከእርሱም ይሸሻል። የቆርቆሮ ቤት ያያል፤ ፊቱን ወደ ሣር ጎጆ ያዞራል። ባሕር ዛፉን ግን ዝም ብሎ ያልፈዋል። ከልጅነቱ ጀምሮ አብሮት ያደገ ዛፍ ስለሆነ፣ አገሩ ሲፈጠር ጀምሮ የነበረ ይመስለዋል። ዳሩ ግን ባሕር ዛፍ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ገደማ፣ የአዲስ አበባን የማገዶ ችግር ለማቃለል ነው። ስለዚህ በ1888 ዓ.ም. ከጉራጌ ወደ ዓድዋ የሚዘምት ጭፍራ በረጃጅም የባሕር ዛፍ ጫካ ውስጥ ሲያልፍ ብናይ፣ ያየነው ገና ያልበቀለ ጫካ ነው።

ይህ ስሕተት ማንንም አይገድልም። ሆኖም ለዛሬው ርእሳችን ጥሩ መግቢያ ይሆነናል። በፊልም ውስጥ እጅግ አሳሳቹ ስሕተት ሠሪውም ተመልካቹም እኩል የለመዱት ነው። ዛሬ ላስረዳ የምሞክረው ሦስት ነገር ነው፤ ስሕተቶቹ ስንት ዓይነት እንደሆኑ፣ ለምን እንደሚፈጠሩ፣ ከእነርሱም የትኛው ቀላል፣ የትኛው ከባድ እንደሆነ።

ተያያዥነት ለምን ይሰበራል?

የመጀመሪያው ዓይነት በሙያው ሰዎች ዘንድ «ኮንቲኒዩቲ» እየተባለ የሚጠራው የተያያዥነት ስሕተት ነው። ይህ ስሕተት ከታሪክ ጋር ጠብ የለውም። ጠቡ ፊልሙ ከራሱ ጋር ነው። በአንዱ ምስል ላይ ቀኝ ክንዱን የቆሰለው ወታደር በሚቀጥለው ምስል ግራውን ታስሮ ይታያል። ገና የተቀዳው የአቦል ስኒ ባለቤቱ ሳይነካው ባዶ ይሆናል። ጎራዴው ከአፎቱ ሳይወጣ በእጅ ላይ ይገኛል።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ፊልም እንደሚታየው በቅደም ተከተል አይቀረጽም። የመጨረሻው ትዕይንት በመጀመሪያው ቀን፣ የመጀመሪያው ደግሞ በመጨረሻው ቀን ሊቀረጽ ይችላል። ተመልካቹ በሁለት ደቂቃ የሚያየው ንግግር ሁለት ቀን ሲፈጅ ፀሐይ ትዞራለች፣ ጥላ ይረዝማል፣ ሻማ ያጥራል፣ የተዋናዩ ጢም ያድጋል። ይህን ሁሉ በመዝገብ የሚይዝ አንድ ሰው ያስፈልጋል። ትልልቅ የፊልም ድርጅቶች ለዚህ ሥራ ብቻ የተመደበ ባለሙያ አላቸው። በእኛ አገር ግን ብዙውን ጊዜ ሥራው ለረዳት አዘጋጁ በተደራቢነት ይሰጣል፤ እርሱም ምሳ ያቀርባል፣ መኪና ያፈላልጋል፣ በመካከሉ የጋቢውን አጣጣል ይረሳል።

ጋቢን ያነሣሁት በከንቱ አይደለም። የውጭ አገር መማሪያ መጻሕፍት ለተያያዥነት ምሳሌ የሚሰጡት የሲጋራ ርዝመትንና የመጠጥ ብርጭቆን ነው። በእኛ ዘንድ ከዚያ የበለጠ አደገኛ ነገር አለ፤ ልብስ አለባበስ። ነጠላ በኀዘን አንድ ዓይነት፣ በቤተ ክርስቲያን ሌላ ዓይነት፣ በታላቅ ሰው ፊት ደግሞ በሌላ ወግ ይለበሳል። በንጉሥ ፊት ለመቆም ሸማውን አሸርጦ የገባ ባለሟል በሚቀጥለው ምስል ተከናንቦ ከታየ፣ ተመልካቹ የሚያነበው ሌላ ነገር ነው፤ «ይህ ሰው አመፀ» ወይም «መርዶ ደረሰው» ብሎ ያስባል። በሌላው ዓለም ግድየለሽነት ብቻ የሚሆነው ስሕተት በእኛ ባህል ውስጥ የተሳሳተ መልእክት ይሆናል።

የዘመን መጣረስ

ሁለተኛው ዓይነት የዘመን መጣረስ ነው፤ በዘመኑ ያልነበረ ነገር በዘመኑ መታየቱ። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ የሚያስበው የእጅ ሰዓት የታሰረበትን ክንድ ወይም ክላሽንኮቭ የያዘ አርበኛን ነው። እነዚህ ቀላሎቹ ናቸው፤ ማንም ያያቸዋል። ከባዱ ስሕተት ቀኑ ትክክል ሆኖ ነገሩ ስሕተት ሲሆን ነው።

ምሳሌ ልስጥ። በዓድዋ የተሰለፈው የኢጣሊያ ወታደር ምን ጠመንጃ ያዘ? ጥንቁቅ ነኝ የሚል አዘጋጅ መዝገብ አገላብጦ የኢጣሊያ ጦር ካርካኖ የተባለውን ጠመንጃ በ1891 እንደ ተቀበለ ያገኛል። ውጊያው የተደረገው እ.ኤ.አ. በ1896 ነው። ስለዚህ «ካርካኖ ትክክል ነው» ብሎ ይደመድማል። ነገር ግን ወደ አፍሪካ የተላከው ጦር የያዘው አሮጌውን ቬተርሊ ነበር፤ በመጋዘን የተከማቸ የቬተርሊ ጥይት ነበረና። ካርካኖ የኢትዮጵያን ምድር በብዛት የረገጠው ከ40 ዓመት በኋላ በሁለተኛው ወረራ ነው። የተሠራበትን ዓመት ማወቅ ብቻ እንደማይበቃ፣ በማን እጅ እንደ ነበረ ማወቅም እንደሚያስፈልግ ከዚህ እንረዳለን።

በእኛ ወገን ደግሞ ቋንቋው ራሱ መዝገብ ነው። «ሰናድር» የምንለው ስናይደር የተባለው የእንግሊዝ ጠመንጃ ነው። «ውጅግራ» ደግሞ «ፉዚ ግራ» ከሚለው የፈረንሳይኛ ስም የመጣ ነው። በአንድ ጭፍራ ውስጥ ሰናድርም ውጅግራም ረሚንግተንም ጎን ለጎን ይገኙ ነበር፤ ጋሻና ጦር ብቻ ይዞ የዘመተም ነበር። ሁሉም አንድ ዓይነት አዲስ ጠመንጃ ይዞ የሚሰለፍበት የዓድዋ ፊልም እንግዲህ መልኩ ያማረ ይሆናል እንጂ እውነተኛ አይሆንም። ያ ዝንጉርጉርነት የጥይት አቅርቦቱን ምን ያህል እንዳከበደው ካላሳየን፣ የድሉን ክብደትም አናሳይም።

ማዕርግም ይጣረሳል። በዚህ አካባቢ ሁላችን የምንወዳቸውን ባልቻ ሳፎን እንውሰድ። ዛሬ የምንጠራቸው «ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ» እያልን ነው። በአዲስ አበባ የሚገኘው ሆስፒታልም የሚጠራው በደጃዝማችነታቸው ነው። በዓድዋ ሜዳ ላይ ግን ባልቻ በጅሮንድ ነበሩ፤ ደጃዝማችነቱ የመጣው ከድሉ በኋላ ነው። በ1888 ዓ.ም. በመድፍ አጠገብ ቆመው «ደጃዝማች» ተብለው የሚጠሩበት ፊልም ዋጋውን ከሥራው አስቀድሞ ከፍሎ ይገኛል። ሰንደቅ ዓላማውም እንዲሁ ነው። ሦስቱ ቀለማት በአንድ አራት ማዕዘን ሰንደቅ ላይ ተያይዘው የተውለበለቡበት ዘመን ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀሰው 1890 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ቀለማቱ በተናጠል ሰንደቆች ይውለበለቡ ነበር።

ባሕረ ሐሳብ ለፊልም ሠሪ

አሁን እጅግ ወደምወደው ክፍል እገባለሁ። ተማሪዎች «የዚያን ዘመን ዝርዝር ከየት እናመጣለን? ፎቶ የለም፣ ሰነዱም በውጭ ቋንቋ ነው» ይላሉ። ከአባቶቻችን የወረስነው የዘመን አቆጣጠር ብቻውን ስንት ነገር እንደሚነግረን ልብ በሉ።

የዓድዋ ጦርነት የተደረገው እሑድ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው። የዚያ ዓመት ፋሲካ መቼ ዋለ? ባሕረ ሐሳብን የሚያውቅ ሁሉ ያሰላዋል፤ መጋቢት 28 ቀን ነበር። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ስለሆነ ጾሙ የገባው ሰኞ የካቲት 3 ነው። እንግዲህ ጦርነቱ ሲደረግ ጾሙ ሦስት ሳምንት ሊሞላው ጥቂት ቀርቶት ነበር። በጦርነቱ ዋዜማ በድንኳን ውስጥ ጥሬ ሥጋ የሚቆረጥበትን፣ ሠራዊቱ የሚፎክርበትንና የሚጠግብበትን ትዕይንት የሚያዘጋጅ ሰው ቢያንስ ቆም ብሎ ሊያስብ ይገባዋል። «በዘመቻ ላይ ላለ ወታደር ጾሙ ላልቶ ይሆናል» ብሎ መከራከር ይቻላል። ግን ትዕይንቱን ሳያስብ የቀረጸውና አስቦ የቀረጸው አንድ አይደሉም። ደግሞም ሠራዊቱ በጥቅምት ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ለወራት ተጉዟል፤ በየካቲት መጨረሻ ስንቅ እያለቀበት ነበር። የዋዜማው እውነተኛ ገጽታ የጠገበ ሰፈር ሳይሆን ስንቁን የሚቆጥብ ሰፈር ነው።

በዚያው ሌሊት ጨረቃስ? የፋሲካ ስሌት የተመሠረተው በጨረቃ ላይ ነው። ፋሲካ መጋቢት 28 ከዋለ፣ ሙሉ ጨረቃ የነበረችው ጥቂት ቀን ቀደም ብላ ነው። ከዚያ አንድ የጨረቃ ወር ወደ ኋላ ስንቆጥር ሌላኛው ሙሉ ጨረቃ በየካቲት 21 አካባቢ ላይ ይወድቃል። እስላማዊው አቆጣጠርም ይህንኑ ያረጋግጣል፤ ወሩ የ1313 ዓመተ ሂጅራ ረመዳን ነበር፣ ጦርነቱ የተደረገውም በረመዳን አጋማሽ ነው። የጨረቃ ወር አጋማሽ ማለት ደግሞ የጨረቃ ሙላት ማለት ነው። እንግዲህ የጄኔራል ባራቲየሪ ጦር የካቲት 22 ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ከሳውሪያ ተነሥቶ ሌሊቱን ሲጓዝ የተጓዘው በድቅድቅ ጨለማ አልነበረም፤ በጨረቃ ብርሃን ነው።

ይህን ያወቅነው ሁለት የዘመን መቁጠሪያዎችን ጎን ለጎን በማስቀመጥ እንጂ ከውጭ ቤተ መዛግብት አይደለም። በቡታጅራም ሆነ በወልቂጤ የቤተ ክርስቲያን ሊቅና የመስጊድ ሼህ በአንድ ጠዋት በእግር ተደርሰው ሊጠየቁ ይችላሉ። ሁለቱም የጾም ወቅቶች በአንድ ሠራዊት ውስጥ መገጣጠማቸው ደግሞ ለፊልም ሠሪ ከማንኛውም የውጊያ ብልሃት የሚበልጥ ሀብት ነው። በወሎው ራስ ሚካኤል ጦር ውስጥ ሙስሊሞች ነበሩ። ጎን ለጎን የሚጾሙ ዘማቾችን ማሳየት ታሪክን ከስሕተት ያድነዋል፤ ታሪኩንም ሕያው ያደርገዋል።

የቦታ ስሕተት

ሦስተኛው ዓይነት የቦታ ስሕተት ነው። በዓድዋ ጉዳይ ይህ ልዩ ትርጉም አለው፤ ጦርነቱ ራሱ በቦታ ስሕተት ምክንያት የተለወጠ ነውና። ባራቲየሪ አራት ብርጌዶች ነበሩት፤ የአልቤርቶኔ፣ የአሪሞንዲ፣ የዳቦርሚዳና የኤሌና። አልቤርቶኔ «ኪዳነ ምሕረት» የተባለውን ኮረብታ እንዲይዝ ታዘዘ። በኢጣሊያኖቹ ንድፍ ላይ ይህ ስም የተጻፈበት ኮረብታና የአገሬው ሰው በዚህ ስም የሚጠራው ኮረብታ ግን የተለያዩ ነበሩ። አልቤርቶኔ የአገሬውን አጠራር ተከትሎ ብዙ ኪሎ ሜትሮች ወደ ፊት ገፋ። ከሌሎቹ ተነጥሎ ሳለ ጎሕ ሲቀድ የኢትዮጵያ ሠራዊት ከበበው። ብርጌዶቹ ሊረዳዱ ባልቻሉበት ርቀት ላይ አንድ በአንድ ተመቱ።

እንግዲህ አንድ ፊልም ዓድዋን ሁለት ጎራ ፊት ለፊት ተሰልፈው የሚሮጡበት አንድ ሜዳ አድርጎ ቢያሳየን ምን አጠፋ? ምክንያቱን አጠፋ። ድሉ የጀግንነት ብቻ ሳይሆን መሬትን የማወቅ ድል መሆኑን አጠፋ። እዚህ ላይ የተያያዥነት ሕግና የታሪክ እውነት ይገናኛሉ። ኢጣሊያኖቹ የመጡት ከምሥራቅ ነው፤ ፀሐይ የወጣችው ከጀርባቸው፣ በእኛ ሰዎች ፊት ነበር። በየትዕይንቱ አንዴ ከቀኝ አንዴ ከግራ የሚያስመጣቸው አዘጋጅ ተመልካቹን ያደናግራል። አቅጣጫቸውን ጠብቆ የሚያሳይ ግን ሦስት የተለያዩ ውጊያዎች እንዴት በአንድ ቀን እንደ ተካሄዱ ያለ አንድ ቃል ሊያስረዳ ይችላል።

በቦታ ስሕተት የሚታወቅ የውጭ ፊልም መጥቀስ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1965 የወጣው «ባትል ኦቭ ዘ በልጅ» በ1944 ክረምት በአርዴን ደን፣ በበረዶ ውስጥ ስለ ተደረገው ውጊያ የሚተርክ ነው። ፊልሙ የተቀረጸው ግን በስፔን ሲሆን፣ ታላቁ የታንክ ግጥሚያ የሚካሄደው በደረቅ ሜዳ ላይ ነው። የጀርመን ታንክ ተብለው የቀረቡትም ከጦርነቱ በኋላ የተሠሩ የአሜሪካ ታንኮች ናቸው። የጦርነቱን ጠቅላይ አዛዥ አይዘንሃወርን ሳይቀር ያስቆጣ ፊልም ነው። ገንዘብ የሞላው ሆሊውድ ይህን ካደረገ፣ በጥቂት ብር የሚሠራ የእኛ ወጣት በአንድ ባሕር ዛፍ ሊወገዝ አይገባም። ስሕተትን መመዘን የሚያስፈልገን ለዚህ ነው።

የትኛው ስሕተት ይከብዳል?

አንድ መመዘኛ ላቅርብ፤ ተመልካቹ ከአዳራሹ ሲወጣ ስለ ማን፣ ስለ ምንና ስለ ለምን የሚያምነውን ነገር ስሕተቱ ይለውጠዋልን? ካልለወጠው ቀላል ነው። ከለወጠው ከባድ ነው።

«ዙሉ» የተባለውን የ1964 ፊልም ተመልከቱ። በ1879 በሮርክስ ድሪፍት ጥቂት የእንግሊዝ ወታደሮች ከዙሉ ሠራዊት ጋር ያደረጉትን ውጊያ ይተርካል። የዙሉውን ንጉሥ ሴችዋዮን ሆኖ የተወነው የንጉሡ የልጅ ልጅ ልጅ ማንጎሱቱ ቡተሌዚ ነው፤ እዚህ ላይ ፊልሙ ጥንቃቄ አድርጓል። ግን በዚያ ውጊያ የጀግንነት ኒሻን የተሸለመውን ሄንሪ ሁክን ሰካራምና ሰነፍ አድርጎ አቅርቦታል፤ እርሱ ግን በምግባሩ የተመሰገነ ወታደር ነበር። በሕይወት የነበሩ ልጆቹ በፊልሙ ምርቃት ላይ የአባታቸውን ምስል አይተው አዳራሹን ጥለው ወጡ። የአንድን ሰው ስም ይዞ ሌላ ሰው ማቅረብ በእውነተኛ ልጆች ላይ የሚያርፍ በደል መሆኑን ይህ ያሳየናል።

ከዚህም የከፋ አለ። እ.ኤ.አ. በ1938 ኢጣሊያ ውስጥ «ሉቻኖ ሴራ ፒሎታ» የተባለ ፊልም ወጣ። አዘጋጁ ጎፍሬዶ አሌሳንድሪኒ፣ ዋናው ተዋናይ አሜዴዮ ናዛሪ፣ ሥራውን በበላይነት የተከታተለው የዱቼው ልጅ ቪቶሪዮ ሙሶሊኒ ነበር። በዚያው ዓመት በቬኒስ የፊልም በዓል ላይ የሙሶሊኒን ዋንጫ ተሸለመ። ታሪኩ በኢትዮጵያ ወረራ ላይ ስለሚዘምት አብራሪ ነው። የውጊያው ክፍል የተቀረጸው በዚሁ በእኛ ምድር፣ በዘመኑ እውነተኛ አውሮፕላኖች ነው። አውሮፕላኑ የዘመኑ፣ መልክዓ ምድሩ የራሱ፣ የደንብ ልብሱ ከመጋዘን የወጣ ነው፤ የዘመን መጣረስ የሚፈልግ ሰው ብዙ አያገኝበትም። ግን በዚያ ጦርነት ከእነዚያ አውሮፕላኖች የወረደው የመርዝ ጋዝ በፊልሙ ውስጥ የለም። የኢጣሊያ መከላከያ ሚኒስቴር ጋዙን መጠቀማቸውን ያመነው ከ60 ዓመት በኋላ፣ በ1996 ነው። እያንዳንዱ ቁልፍና ክር ትክክል ሆኖ ፊልሙ በጠቅላላው ሐሰት ሊሆን እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም።

የእኛም ዝምታ

የሌላውን ስናወግዝ የራሳችንን እንዳንረሳ። ስለ ባልቻ የሚሠራ ፊልም እናስብ። ለተመልካች የሚመቸው ከመድፉ ጀምሮ በድሉ መጨረስ ነው፤ ፊታውራሪ ገበየሁ ሲወድቁ ባልቻ ይተካሉ፣ ጭብጨባ ይሆናል። ነገር ግን ባልቻ ወደ ምኒልክ ቤተ መንግሥት የደረሱት እንዴት ነው? ምኒልክ በዚህ ምድር ላይ ባደረጉት ዘመቻ ቆስለው የተገኙና የተማረኩ ልጅ ነበሩ። በቤተ መንግሥት አድገው ያንኑ መንግሥት በመድፍ አገለገሉ። ሲያረጁ ከሥልጣን ተወግደው ሳሉ፣ ሁለተኛው ወራሪ ሲመጣ እንደገና ተነሥተው በ1929 ዓ.ም. በጉራጌ ምድር ተሰዉ። የጨቦው ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴም በልጅነታቸው ተማርከው ኋላ የጦር ሚኒስትር የሆኑ ናቸው። የመጀመሪያውን ምዕራፍ ቆርጦ የሚጥል ፊልም አንዲት ሐሰት ሳይናገር ይዋሻል። ምዕራፉን የሚያሳይ ደግሞ ድሉን አያሳንሰውም። የተማረከው ልጅ አገሩን ለምን እንደ ተከላከለ የሚጠይቅ ተመልካች ከሚያጨበጭበው ተመልካች በላይ ያስባል።

ሌላም አለ። በዓድዋ ከወራሪው ጦር ከ17 ሺህ በላይ ሰልፈኞች መካከል ብዙዎቹ የኤርትራ ተወላጅ አስካሪዎች ነበሩ፤ የአልቤርቶኔ ብርጌድ በአብዛኛው ከእነርሱ የተዋቀረ ነው። ጠላትን ሁሉ ነጭ አድርጎ ማሳየት ለትረካ ይቀላል። ከድሉ በኋላ የተማረኩት የኢጣሊያ ወታደሮች ወደ አዲስ አበባ ተወስደው በኋላ ሲመለሱ፣ ከአስካሪዎቹ የብዙዎቹ ቀኝ እጅና ግራ እግር ተቆርጧል። ይህን በፊልም ማሳየት ያምማል። አለማሳየቱ ግን ለምን ሁለት ዓይነት ፍርድ እንደ ተሰጠ እንዳንጠይቅ ያደርገናል።

«ታዲያ የጥንቱ የዓድዋ ሥዕሎችስ? ቅዱስ ጊዮርጊስ በሰማይ በፈረስ ላይ ሆኖ ይዋጋ የለምን?» ትሉኝ ይሆናል። መልሴ እንዲህ ነው፤ ሥዕሉ ቃሉን አላጠፈም። ወዳጅን በሁለት ዓይን፣ ጠላትን በአንድ ዓይን የሚያሳይ ሠዓሊ «የሆነውን እንዲህ እናምናለን» ይላል እንጂ «እንዲህ አየሁ» አይልም። ሥራ የሚመዘነው በገባው ቃል ነው። ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ በ1999 ባወጡት «ዓድዋ» በተሰኘው ዘጋቢ ፊልም ውጊያውን በተዋንያን አስመስለው ለማቅረብ አልሞከሩም፤ ሥዕሎችን፣ ዜማንና የሽማግሌዎችን ትረካ ተጠቀሙ። ያልታየውን እንደ ታየ ባለማቅረባቸው የትውስታን እውነት ይዘው ቆዩ። ይህ የበጀት ማነስ ለሚያስጨንቀው ወጣት ትልቅ ትምህርት ነው።

ምን እናድርግ?

ለፊልም ሠሪ ተማሪዎች አራት ነገር እመክራለሁ። አንደኛ፣ ድርሰቱ ከመጻፉ በፊት የቀን ሰሌዳ አዘጋጁ፤ ዕለቱን፣ በዓሉን፣ ጾሙን፣ ጨረቃውን፣ ወቅቱን። የካቲት በጋ ነው፤ ለምለም ሣርና አደይ አበባ የመስከረም ናቸው። ሁለተኛ፣ ለእያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ በዚያ ቀን የነበረውን ማዕርግና በሕይወት መኖሩን አረጋግጡ። ሻለቃ ቶዜሊ በኅዳር በአምባላጌ ሞቷል፤ በየካቲት በዓድዋ ሊገኝ አይችልም። ሦስተኛ፣ የምትቀርጹበትን ቦታ ይዛችሁ ከሽማግሌ ጋር ዙሩ። ጀፎረው መቼ ተከለለ? ይህ ዛፍ በአያትዎ ዘመን ነበር? ብላችሁ ጠይቁ። በዓድዋ ጓሮ እንሰት እንደማይታይም አትርሱ። አራተኛ፣ ሳታውቁ የሳታችሁትንና አውቃችሁ የለወጣችሁትን በመዝገብ ለዩ። ሁለተኛው የጥበብ ነፃነት ነው። ስትጠየቁ ግን ምክንያቱን መስጠት አለባችሁ።

ከተሰብሳቢዎች የቀረበ ጥያቄ፦ ስለ ባልቻ ፊልም ቢሠራ በምን ቋንቋ ይናገሩ?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ የልብስና የጠመንጃ ስሕተት ስንፈልግ የምንረሳው ቋንቋን ነው። በቤተ መንግሥትና በጦር አዛዦች መካከል አማርኛ ይሁን፤ ያም ቢሆን የዘመኑ አማርኛ፣ ንጉሠ ነገሥቱን «ጃንሆይ» የሚል፣ «ኦፕሬሽን»ና «ሎጂስቲክስ» የማያውቅ። ግን ሠራዊቱ ከብዙ ቋንቋ የተውጣጣ ነበር። በሰፈሩ ውስጥ ጉራጌኛ፣ ኦሮምኛ፣ ትግርኛ መሰማት አለበት። በልጅነቱ ከቤቱ ተነጥቆ የተወሰደ ሰው ከመድፉ አጠገብ የሰፈሩን ልጅ ድንገት ቢያገኝ በምን ቋንቋ ሰላም ይለዋል? ይህን የሚነግረን ሰነድ የለም። ግን ትዕይንቱን የሚጽፈው ሰው ይህን ጥያቄ ሳይጠይቅ ካለፈ፣ ባሕር ዛፉን ሁሉ ቆርጦ ቢጥል እንኳ ፊልሙ የዚያ ዘመን አይሆንም።